የጋሽ ዘውገ ሳንቲሞች

ጋሽ ዘውገ ማረፋቸውን በስልክ ነው የሰማሁት። የደወለልኝ ድሮ አብሮን መድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረ ገንዘብ ያዥ ነው። "ጥሩነሽ፣ ጋሽ ዘውገ አረፉ" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ለልጆቼ ምሳ አቀረብኩ፤ እነሱ ሲበሉ እኔ ቆሜ ግድግዳ አያለሁ። ትልቋ ልጄ ማን ሞቶ እንደሆነ ስትጠይቀኝ "አለቃዬ" አልኳት። ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ አነሰብኝ።

አለቃዬስ ነበሩ። ቦሌ መንገድ ላይ በነበረ አንድ መድኃኒት ቤት እሳቸው ፋርማሲስት፣ እኔ ረዳት ሆነን ረጅም ዘመን ሠርተናል። ደርግ ሲመጣ ባለቤቱ አገር ጥሎ ወጣ፤ ቤቱ የመንግሥት ሆነ፤ ጋሽ ዘውገ እዚያው ቀሩ፤ እኔ ከሌላ ቦታ ተዛውሬ መጣሁ። ያን ጊዜ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ጥቂት ቪላዎች፣ ከቪላዎቹ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የገብስ ማሳ ነበር። ክረምት ከሃያ ሁለት ማዞሪያ በጭቃው ውስጥ በእግሬ ስመጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምደርሰው። ጋሽ ዘውገ እግሬን የምታጠብበት ውሃ በባልዲ ቀድተው በጓሮ በር ያስቀምጡልኛል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለበታቹ ውሃ የሚቀዳ አለቃ አላየሁም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የነጭ ጋዋናቸው የቀኝ እጅጌ ለቁስል በምንሸጠው ሐምራዊ ቀለም ተበክሎ ነው የሚኖረው፤ ቢታጠብም አይለቅም። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ። መነጽሩ ሲወርድ እኔም የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ። ደንበኛ ኩሩ ናቸው እያለ ያማቸው ነበር። ኩራት አልነበረም፤ ወሬ አይችሉበትም። እኔ ደግሞ ወሬ ስለምችልበት ተስማምተን ኖርን።

አንዲት የሚያዘወትሯት ቃል ነበረቻቸው፤ "ይታያል፣ ትንሽ ጠብቂው" ይላሉ። ፔኒሲሊን ጠፍቶ በሽተኛ ሲጮህብን "ይታያል" ይላሉ። የቀበሌ ስብሰባ እሑዳችንን ሲበላብን "ይታያል" ይላሉ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና እንደዚህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። በኋላ ግን ቃሉን ከየት እንዳመጡት ገባኝ። ከሳንቲሞቻቸው ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በምሳ ሰዓት ወደ ጓዳ ስገባ፣ መድኃኒት የምንቀምምበትን ትንሿን ሚዛን ከፊታቸው አድርገው በወረንጦ አንዲት ጠቆር ያለች ነገር ሲያነሱ አየኋቸው። የዓሣ ቅርፊት መሰለኝ። የአተር ክክ ብታክል ነው። ጠጋ ስል በእስትንፋሴ ተነሥታ ወደቀች፤ ያ ረጅም ሰውዬ ከነጋዋናቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ባንኮኒው ሥር ገቡ። ውጭ ደንበኛ ቆሟል። እኔ መጥረጊያ ላነሣ ስል፣ ከሥር ሆነው እንዳልነካ ለመኑኝ። ሲያገኟት ጸጉራቸው አቧራ ለብሶ፣ ፊታቸው በርቶ ወጡ። የዚያን ቀን ነው ታሪኩን የነገሩኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት አቴና ተልከው ነበር። እዚያ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፤ የጥንት ግሪኮች የብር ሳንቲም ይሸጥበታል። ትልልቆቹ፣ የጣዖቶቻቸው ፊት አምሮ የተቀረጸባቸው፣ መስተዋት ውስጥ ለሀብታም ተቀምጠዋል። ትንንሾቹ ግን የጠቆሩና የተፋቁ ስለሆኑ ሻጮቹ ራሳቸው የየት ከተማ እንደሆኑ አያውቁም፤ እንደ ጥራጥሬ ሳህን ላይ አፍስሰው ይሸጧቸዋል። የተማሪ ኪስ ደግሞ የሚችለው የሳህኑን ነው። ጋሽ ዘውገ ምሳቸውን እየዘለሉ ከዚያ ሳህን ለቀሙ። ትልቁ ሳንቲም ንጉሥ ለንጉሥ የሚገባበዝበት ነው፤ በዚህች ግን ሽንኩርት ይገዛባታል፤ ሽንኩርት የሚገዛው ሰው ደግሞ ስሙን የሚጽፍለት የለም አሉኝ። ለዚያ ሰው የሚቆረቆሩ ይመስሉ ነበር።

በጥንት ጊዜ ከተማ ሁሉ የራሱ ምልክት ነበረው። ጉጉት ካለባት የአቴና ናት። ኤሊ ካለባት የኤጊና ደሴት ናት። ክንፍ ያለው ፈረስ የቆሮንቶስ፣ ንብ የኤፌሶን ነው። ቆሮንቶስንና ኤፌሶንን እኔ ከጳውሎስ መልእክት ስማቸውን ነበር የማውቀው፤ ሰዎቻቸው ሽንኩርት ይገዙ እንደነበር ግን አስቤ አላውቅም። ችግሩ፣ ምልክቱ በብዙ እጅ ታሽቶ ጠፍቷል። ጋሽ ዘውገ ሳንቲሟን መስኮቱ ጋ አስቀምጠው ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት ያደርጋሉ፤ ያኔ ጥላ ይወጣል፤ ጥላው ውስጥ ክንፍ ወይም ዓይን ፍለጋ ይቀመጣሉ። "ይታያል፣ ትንሽ ጠብቂው" የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ክብደቷንም ይመዝናሉ። አንድ ጊዜ መጽሐፉ ከሚለው የቀለለች ስትገኝ ሐሰተኛ ናት ብዬ ፈረድኩባት። መነጽራቸውን አወለቁ። ብር የሰው ገላ ላይ ሲውል ይሳሳል አሉኝ፤ ቀላል መሆኗ ከሰው ጋር እንደኖረች ነው የሚያሳየው።

የጥንት ግሪኮች ኪስ ያለው ልብስ ስላልነበራቸው እነዚህን ትንንሾች አፋቸው ውስጥ፣ ጉንጫቸው ሥር ይዘው ነበር አሉ ገበያ የሚሄዱት። አላምንም ስላልኳቸው አንድ ቀን ሊያሳዩኝ አንዷን ጉንጫቸው ውስጥ ከተቱ። በዚያች ቅጽበት የቀበሌው ሊቀ መንበር ገባ። ለስብሰባ ለምን እንዳልመጡ ሲጠይቃቸው ጋሽ ዘውገ ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘው "እህ" ብቻ ይላሉ። ሰውዬው አዘነላቸውና ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ እንዲነክሱበት መከራቸው። ለፋርማሲስቱ መድኃኒት አዞለት ሄደ። እኔ ጓዳ ገብቼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ጋሽ ዘውገን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይኼ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይደለም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኤፍሬም። የአባቱን ቁመት እንጂ ዝምታቸውን አልወረሰም፤ መድኃኒት ቤት ሲገባ በሽተኛው ሁሉ ይስቃል። የጋሽ ዘውገ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ሳንቲሞቹን የሚያነብላቸው እሱ ሆነ። አንዲት ግትር ሳንቲም ነበረች፤ ጋሽ ዘውገ ለዓመታት ኤሊ ናት ብለው አስቀምጠዋታል። ኤፍሬም ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሳንቲሟን ሩብ ዙር አዞራትና "አባዬ፣ ይቺ ኤሊ ክንፍ አላት እንዴ?" አለ። ንብ ነበረች፤ የኤፌሶን። ጋሽ ዘውገ የልጁን ጭንቅላት በእጃቸው ያዙና ብዙ ቆዩ። ከሳንቲሙ ይልቅ በልጁ ዓይን እንደኮሩ እኔ አይቻለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ምሳ ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ጾም የማይሽሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ። ሳንቲሞቹን "ጣዖቶችህ" ነው የሚሏቸው። ጋሽ ዘውገ በሥራ ተጠምደው ምሳ ከረሱ "እንግዲህ ጣዖቶችህን ብላ" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ቆሮንቶስና ኤፌሶን ጳውሎስ የሰበከባቸው አገሮች መሆናቸውን ያስታውሷቸዋል። እትዬ የሺ ግን ምላሷን ያወጣች ሴት ፊት ያለባትን አንዲት ሳንቲም አይተው ከዚያ ወዲህ አልወደዷቸውም። ጨዋታ ነበር። ሁለቱም እየሳቁ ነበር የሚያወሩት።

ከዚያ ለኤፍሬም የብሔራዊ ውትድርና ዕጣ ወጣለት።

ቀበሌው ስሙን ለጠፈ። ጋሽ ዘውገ የሚያውቁትን ሁሉ ደጅ ጠኑ፤ የሚሆን አልነበረም። ልጆቹ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ነበር የሚሄዱት፤ ከሰሜን ደግሞ የሚመለሰው ጥቂት እንደነበር በየቤቱ ይታወቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም። እትዬ የሺ በዚያ ሰሞን ምሳ ይዘው ሲመጡ ዓይናቸው እንዳበጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውለው ቤተ ክርስቲያን ያመሻሉ።

ኤፍሬም ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ዘውገ ጧት ገብተው ጋዋናቸውን ሳይለብሱ ሚዛኑን እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የአንገት መስቀል ነው፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ብር፤ ማንም አንጥረኛ የሚሠራው ዓይነት ቅርጽ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። በወዲያ በኩል ሃያውን ግራም፣ ከዚያ አምስቱን፣ ከዚያ እንደ ቅጠል የሳሱትን ትንንሽ ቁራጮች አንድ ባንድ በወረንጦ ጨመሩ። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሳንቲሞቼ ናቸው" አሉኝ።

እትዬ የሺ ሰውየው ሥራ ላይ ሳሉ የሳንቲሞቹን ሣጥን ከፍተው፣ ያሉትን ሁሉ በመሐረብ ቋጥረው ፒያሳ አንጥረኛ ዘንድ ወስደዋል። ባላዋቂነት እንዳይመስላችሁ። ባላቸው ምን ያህል እንደሚወዷቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ልጃቸው ወደ እሳት ሊገባ፣ ቤታቸው ጣዖት ተቀምጧል። ጣዖቱ ቀልጦ መስቀል ከሆነ ቤቱም ይነጻል፣ ልጁም ይጠበቃል ብለው አመኑ። ከገበያ የተገዛ ብር አልበቃቸውም። የሚወደድ ነገር መሰጠት ነበረበት።

እኔ ተቃጠልኩ። እንዴት ዝም ይላሉ፣ አንድ ነገር እንኳን አይሏቸውም ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምን ልበላት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩትን እሷ ለልጇ አደረገችው። የተጠበቀውን ያህል አይመዝንም እንጂ ሌላ ቅር የሚለኝ የለም፤ እሳትም በልቷል፣ አንጥረኛውም በልቷል።"

ሊስቁ ፈልገው ነበር። አልሆነላቸውም። ጋዋናቸውን ለበሱና በሩን ከፈቱ፤ የዚያን ቀን ለሰው ሁሉ መድኃኒቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚያስረዱት።

ኤፍሬም ሊሰናበት በመጣ ጊዜ መስቀሉን አንገቱ ላይ ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። እናቱ ነግረውት ኖሮ ልጁ መስቀሉን በመዳፉ ይዞ መዘነው።

"አባዬ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው?"

"ሁሉም።"

"ኤፌሶንም?"

"ኤፌሶንም" አሉት፤ ሸሚዙን ቆለፉለት።

እኔንም ሳመኝ። ስመለስ ለሠርግሽ እደርሳለሁ ብሎ አሾፈብኝ፤ ያኔ ገና እጮኛም አልነበረኝም። በመስኮቱ ወደ ማዞሪያው ሲሄድ አየነው፤ ጋሽ ዘውገ እስኪሰወር ቆመው ሲያዩት፣ አንድ ደንበኛ ባንኮኒውን ቢያንኳኳ አልሰሙም።

ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ የእናቱን ሆድ ለማስፋት የተጻፈ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ብርዱ አልከፋም የሚል። ከዚያ ዘገየ። ከዚያ ቀረ። በዚያ ጊዜ የሞተ ወታደር ለቤተሰቡ አይነገርም ነበር፤ ዝምታው ነው የሚነግረው፤ ዝምታ ደግሞ መርዶ አይሆንም። መርዶ ያልተነገረው ቤት ድንኳን አይተክል፣ ለቅሶ አይቀመጥ፣ ፍትሐት አያስፈታ። ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ቤት ብዙ ነበር። እትዬ የሺ አንድ ቀን ጓዳ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡና "ጥሩነሽ፣ ያን የጣዖት ብር ልጄ አንገት ላይ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። መከላከያ መስሎኝ መዓት አስሬበት ይሆን?" አሉኝ። እግዜር የእናትን ልብ ያያል አልኳቸው፤ የማውቀው መጽናኛ ይኸው ነበር። ጋሽ ዘውገ በሩ ጋ ቆመው ሰምተዋል። ፊታቸው ተለወጠ።

ሁለተኛው የመስቀል ምዘና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ የሺ መጥተው በማያውቁበት ሰዓት መጡ፤ ከኋላቸው በክራንች የሚሄድ ወጣት አለ። ቁስለኛ ነው፤ ከጦር ሠራዊቱ ተሰናብቷል። ከግንባር ሲጫኑ መኪናው ላይ ከጎኑ የነበረ አንድ የሌላ ክፍለ ጦር ልጅ፣ መናገር እያቃተው፣ "ቤታችን ቦሌ ነው" ብሎ ከአንገቱ የበጠሰውን መስቀል እጁ ላይ አኑሮለታል። ሆስፒታል ሳይደርሱ ዐረፈ። ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ልጁ አደራውን ይዞ፣ የዘመቱ ልጆች ያሏቸውን ቤቶች ከቀበሌው ጠይቆ አንድ ባንድ ያንኳኳል። የእትዬ የሺ ቤት የመጀመሪያው አልነበረም።

መስቀሉ በእትዬ የሺ መዳፍ ውስጥ ነው፤ ጠቁሯል፣ ጠርዞቹ ለስልሰዋል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"አንጥረኛው ለሁሉም የሚሠራው ይኼንኑ ነው። እኔ አልለየውም። አንተ ክብደቱን ታውቀዋለህ። መዝንልኝ።"

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ጋሽ ዘውገ መስቀሉን በወረንጦ አልነበረም ያነሡት፤ በጣታቸው ነው። ሚዛኑ ላይ አኖሩት። ሃያውን ጣሉ። አምስቱን ጣሉ። ከዚያ ቅጠሎቹን፤ ሳይፈልጉ፣ ሳያመነቱ፣ እንደዚያ ጧት እንዳደረጉት አንድ ባንድ። ሚዛኑ ትንሽ ወደ ግራሞቹ በኩል አዘነበለ። ትንሿን፣ የመጨረሻዋን ቅጠል መልሰው አነሷት። ቀጥ አለ።

እጃቸው ከወረንጦው ጋር አየር ላይ እንደቆመ ቀረ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። መስቀሉ በዓመታት የአንገት ኑሮ ያጣው ያችን ቅጠል ያህል ብር ነው። እሳቸው ያስተማሩኝን እኔ አልረሳሁትም።

"አይደለም" አሉ። "ይኼ ይቀላል። የኛ ከዚህ ይከብድ ነበር።"

እትዬ የሺ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ለሌላዋ እናት ነው የማለቅሰው አሉ፤ ያቺ ምስኪን እስካሁን ልጇን እየጠበቀች ይሆናል። ከዚያ ቁስለኛውን ምሳ ሊያበሉት ይዘውት ሄዱ። ጋሽ ዘውገ ባለቤቱ እስኪገኝ እኔ ጋ ይቀመጥ ብለው መስቀሉን ኪሳቸው ከተቱ።

ብቻችንን ስንቀር አላስቻለኝም። ትንሿን ቁራጭ ሲያነሡ አይቻለሁ አልኳቸው። ሰው የልጁን መርዶ ይነፈጋል ወይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊሸሽጉ እንዴት ይችላሉ ብዬም ተናገርኩ። ቁጣዬ በእሳቸው ላይ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። መነጽራቸውን ለማውለቅ እጃቸውን ሰደዱ፤ መነጽሩ አልነበረም፤ አስቀድመው አውልቀውት ነበር።

"መርዶውን ብነግራት ልጄ ሞተ አትልም፤ እኔ ገደልኩት ነው የምትለው። ጣዖት አስሬበት ነው የምትለው። ሞቱን እሸከማለሁ፤ እሱን እችላለሁ። እሷ ያንን ተሸክማ ስትኖር ግን ማየት አልችልም፣ ጥሩዬ።"

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ድምፅ የለውም። በሩን ዘጋሁና "ቆጠራ ላይ ነን" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ እሳቸው ጓዳ፣ እኔ ባንኮኒው ጋ ሆነን ቀኑን አሳለፍነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት እንዴት እንደኖሯቸው አላውቅም። እትዬ የሺ ምርኮኞች ይፈታሉ የሚል ወሬ ሰምተው ሲመጡ "ይታያል" ይሏቸዋል። በእንቁጣጣሽ ለኤፍሬም ሸሚዝ ሲገዙ ልኩን አብረው ይመርጡላቸዋል። አንድ የማውቀው ነጋዴ የግሪክ ሳንቲም ነው ብሎ ሊያሳያቸው ቢመጣ፣ ዓይኔ ደክሟል ብለው ሳያዩት መለሱት።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ እየጎረፈ ከተማው ገባ። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉ የሸተተ፣ በየበሩ ዳቦ የሚለምን ነበር። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ጥለው ወጡ፤ ጋሽ ዘውገም አብረው። ሥራቸውን ለእኔ ትተው ከቦሌ እስከ ሃያ ሁለት፣ ከዚያም ወደ መገናኛ፣ ክንዳቸውን አያይዘው በየተኛው ወታደር ፊት ጎንበስ እያሉ አዩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋሽ ዘውገ የአንዱን ወታደር ፊት ከጎን እያዩ፣ እትዬ የሺ ደግሞ ከኋላቸው ሆነው "እሱ ነው?" እያሉ ይጠይቃሉ። "አይደለም የሽዬ፣ ወደዚያ ማዶ እንሂድ" አሏቸው። እኔን አላዩኝም፤ እኔም አልጠራኋቸውም። ዓይኑ እያወቀ እንደዚያ አድርጎ የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም እንዳያሳየኝ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በየበዓሉ ቤታቸው እሄድ ነበር። ስለ ልጁ አናነሣም። ሲሸኙኝ እስከ አጥሩ በር ይመጡና እጄን ይዘው ትንሽ ይቆማሉ፤ አንድ ነገር ሊሉ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ "በይ መንገዱ እንዳይመሽብሽ" ይሉኛል። የመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በትንሣኤ ነበር።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ዕድርተኛው ወንበር እያቀበለ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠው። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ የጋሽ ዘውገ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ፎቶግራፍ አለ። ሳቅ የሞላበት፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ወጣት ነው። መስቀሉ በጥቁር ክር ከፎቶግራፉ ጥግ ተንጠልጥሏል። የሚቀጥለውን ወንበር ያዝኩ።

እትዬ የሺ ባሉበት ሄጄ ወደቅኩባቸው። ይዘውኝ ቆዩ። ከዚያ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ተናገሩ።

"የዚያን ዕለት ሚዛኑን አላየሁትም፣ ጥሩነሽ። ፊቱን ነበር የማየው።"

 ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ በየወታደሩ ፊት ጎንበስ እያሉ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ለምን እንዳልነገሯቸው ሳልጠይቅ መለሱልኝ።

"እኔን አድናለሁ ብሎ ነበር የቆመው። ማወቄን ብነግረው በምን ይቆማል?"

ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ባላቸውን በስማቸው ጠሩ፣ ቀጥለው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ኤፍሬም የሚለው ስም በዚያ ቤት ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ተነሣሁና ከእትዬ የሺ ጎን ቆሜ "ኤፍሬሜ" አልኩ፤ ከዚያ አጠገቤ ያለችው አለች፣ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ አለ። እስኪመሽ ድረስ ለልጁ ተለቀሰለት።